ባለ 1000 ወይስ ባለ 1300?

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው ከደላላው አፍ ቀድሞ የሚሰማው ዋጋ አይደለም። «ሞተሯ አልተነካም፤ ቤንዚን አትበላም» ይባላል። ገዢውም፣ ያወቀም ያላወቀም፣ ኮፈኑን አስከፍቶ ጎንበስ ይላል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፤ «ሲሲዋ ስንት ነው?» መኪናዋ ቪትዝ ከሆነች መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ አንድ ሺህ ወይም አንድ ሺህ ሦስት መቶ። ሁለቱን ከውጭ አይቶ መለየት ይቸግራል። በሩ አንድ፣ መቀመጫው አንድ፣ መብራቱ አንድ ነው። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው አምስት ሰው ከነሻንጣው ተጭኖ ከዓባይ ወንዝ ወደ ደጀን ሽቅብ ሲጀመር ነው።

ሲሲ በራሱ ጉልበት ማለት አይደለም። ፒስተኖቹ ላይና ታች ሲሉ ምን ያህል አየር መሳብ እንደሚችሉ የሚናገር ቁጥር ነው። 1000 ሲሲ ማለት አንድ ሊትር ነው። ሰው «ሞተር ቤንዚን ይጠጣል» ይላል እንጂ፣ በሚዛን ቢለካ አብዝቶ የሚውጠው አየር ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በወጉ እንዲነድ ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። ነገሩ ከቀጥቃጭ ወናፍ ጋር ይመሳሰላል። ወናፉ ትልቅ ከሆነ በአንድ ግፊት ብዙ አየር ይሰጣል፣ ፍሙም ይፋፋማል። ትንሽ ከሆነ ያንኑ ሙቀት ለማግኘት ቶሎ ቶሎ መንፋት ግድ ነው። ትንሽ ሞተር ዳገት ላይ የሚጮኸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቶሎ ቶሎ እየነፋ ነው።

ታዲያ ወናፉ የሚስበው አየር ራሱ ቢሳሳስ?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2350 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ጋር ሲነጻጸር ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ይጎድለዋል። ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛውን ያህል ያጣል ተብሎ በደፈናው ይሰላል። እንጦጦ ጫፍ ሲደረስ፣ ከ3000 ሜትር በላይ፣ ኪሳራው ከሩብ ያልፋል። መኪናው ላይ የተበላሸ ነገር የለም፤ ካንዴላ ቢቀየር፣ ዘይት ቢቀየር፣ የጎደለው አየር አይመለስም።

ይህን በቁጥር ማየት ያስፈልጋል፤ የምርጫው ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ባለ 1000ዋ ቪትዝ በጃፓን ወረቀቷ ላይ 70 የፈረስ ጉልበት አላት። ባለ 1300ዋ 87። ሁለቱም አዲስ አበባ ሲገቡ ከአምስት እጅ አንዱ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ ይቀነስባቸዋል። ባለ 1000ዋ ወደ 55 ትወርዳለች፤ ባለ 1300ዋ ወደ 68። በሌላ አነጋገር መስቀል አደባባይ ላይ የቆመችው ባለ 1300 ያላት ጉልበት፣ ባለ 1000ዋ ቶኪዮ ሳለች ከነበራት ጋር እኩል ሊባል ጥቂት ይቀረዋል። የቶኪዮው ቤተሰብ «ትንሿ ትበቃኛለች» ብሎ ያገኘውን ጉልበት የአዲስ አበባው ቤተሰብ የሚያገኘው ትልቋን ሲገዛ ነው። ስለዚህ እዚህ አገር 1300 ሲሲ የቅንጦት ምርጫ ተደርጎ መታየት አልነበረበትም።

ቪትዝ ለኢትዮጵያ ዳገት አልታሰበችም። ቶዮታ ለገበያ ያወጣት እ.ኤ.አ. በ1999 መጀመሪያ ላይ ነው። መልኳን የነደፈው ሶቲሪስ ኮቮስ የተባለ ግሪካዊ ሲሆን፣ አውሮፓ ውስጥ ያሪስ በሚል ስም ተሽጣ እ.ኤ.አ. የ2000 የአውሮፓ የዓመቱ ምርጥ መኪና ተብላለች። የመጀመሪያዋ ትውልድ ባለ 1000 አራት ሲሊንደር ነበራት። እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለተኛዋ ስትመጣ ግን ይህ ሞተር ሦስት ሲሊንደር ብቻ ባለው ቀላል ሞተር ተተካ። ያ ሞተር በሥራው የሚናቅ አይደለም፤ ከአንድ ሊትር በታች በሆኑ ሞተሮች ምድብ ዓለም አቀፍ ሽልማት በተከታታይ ወስዷል። ቆማ ስትሠራ የሚሰማው ትንሽ መንቀጥቀጥም ሕመም አይደለም፤ የሦስት ሲሊንደር ጠባይ ነው። ብዙ ገዢ «ሞተሯ ደክሟል» ብሎ ጥሏት የሚሄደው ይህን ባለማወቅ ነው።

ሞተሮቹ እንደዚህ በተቆራረሰ ቁጥር የሚሠሩበት ምክንያትም ራሱን የቻለ ወግ ነው። የቪትዝ ሞተር በትክክል ሲለካ 1000 አይደለም፤ 996 ወይም 997 ነው። በእነዚህ ሁለት ትውልዶች ባለ 1300 የሚባለውም ከ1300 ጥቂት ያንሳል። ጃፓን ውስጥ የመኪና ዓመታዊ ግብር በሲሲ እርከን ይከፈላል፤ እስከ አንድ ሊትር፣ ከዚያ እስከ አንድ ተኩል፣ ከዚያ እስከ ሁለት ሊትር እያለ ይወጣል። መሐንዲሶቹ ከእርከኑ ሥር ጥቂት ዝቅ ብለው ይቆማሉ። የኢትዮጵያ ሕግም የራሱ እርከን ነበረው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ እስከ 1300 ሲሲ ባለው መኪና ላይ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1800 ባለው ላይ 60 በመቶ፣ ከ1800 በላይ በሆነው ላይ ደግሞ 100 በመቶ ጥሎ ነበር። የአገሪቱን መንገድ ቪትዝና ኮሮላ የሞላው ያለ ምክንያት አልነበረም። 1794 ሲሲ ያላት ኮሮላ ከሁለተኛው መስመር በስድስት ሲሲ ብቻ ታመልጥ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። የእነዚያ ትውልዶች ባለ 1000ዋና ባለ 1300ዋ ቪትዝ በዚያ አዋጅ አንድ እርከን ውስጥ ነበሩ፤ በመቶኛ ሲታይ ትንሿን በማምጣት ከኤክሳይዝ የሚተርፍ ነገር አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ የመኪናውን ዕድሜም ቆጥሮ አሮጌዎቹን ክፉኛ አስወደደ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ዛሬ በቤንዚን መኪና የሚመርጥ ቤተሰብ የሚመርጠው በአብዛኛው አስቀድሞ አገር ውስጥ ከገቡት፣ ዓመታት ከሠሩት መካከል ነው።

«ድሮ በቮልስዋገን ጎጃም ደርሰን እንመለስ አልነበር?» የሚል ሽማግሌ በየቤቱ አይጠፋም። እውነት ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነበረችው ባለ 1200 ቮልስ 34 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበራት፤ ያውም ባሕር ዳርቻ ላይ ሲለካ። ለዓመታት አዲስ አበባን ያገለገለችው ላዳ ከ1200 ሲሲ ትጀምራለች፤ ቤተሰቡ ሁሉ የሚያውቃት የቶዮታዋ ዲኤክስም 1290 ሲሲ ነበረች። ሁሉም ዳገቱን ወጥተዋል። የወጡት ግን በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ መንገድ ዳር ውኃ እየጨመሩ፣ ከኋላቸው የሚያጣድፍ ሲኖትራክ በሌለበት ዘመን ነው። ካርቡሬተራቸውም የአየሩን መሳሳት አያውቅም ነበር፤ ለባሕር ዳርቻ የተመጠነውን ቤንዚን እንጦጦ ላይም ያፈስ ስለነበር ጥቁር ጭስ ያስወጣቸው ነበር። የዛሬዎቹ መኪኖች በሴንሰር አየሩን ለክተው ቤንዚኑን ይመጥናሉ። ጭሱ ቀርቷል፤ የአየሩ ጉድለት ግን አልቀረም።

አሁን ወደ ዓባይ ሸለቆ እንውረድ። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ወንዙን ተሻግሮ ደጀን እስኪወጣ መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሽቅቡም ከ1000 ሜትር በላይ ከፍታ ያስወጣል። ባዶዋን አንድ ቶን አካባቢ የምትመዝን ቪትዝ አምስት ሰውና የበዓል ሻንጣ ስትጭን ከራሷ ክብደት ሲሶ በላይ ተጨመረባት ማለት ነው። አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆች፣ አያት፤ ኋላ ደግሞ በርበሬው፣ ቅቤው፣ የዘመድ ስጦታው። በመቶ ሜትር ስምንት ሜትር በሚነሳ ዳገት ላይ ይህን ጭነት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለመውሰድ ወደ 20 የፈረስ ጉልበት ያስፈልጋል። 60 ለመሄድ ደግሞ ወደ 30።

ሰላሳ ከሃምሳ አምስት ያንሳልና ምን ችግር አለው? ችግሩ ሃምሳ አምስቱ የሚገኘው ሞተሩ በደቂቃ 6000 ዙር ሲጮኽ ብቻ መሆኑ ነው። ሰው በተለምዶ በሚነዳበት 3000 ዙር ላይ፣ በዚያ ከፍታ፣ ባለ 1000ዋ ያላት 30 አካባቢ ብቻ ነው። ያለውን ሁሉ ጨርሳለች ማለት ነው። ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ኤሲ ይጠፋል፤ ኤሲው ብቻውን ጥቂት የፈረስ ጉልበት ይወስዳልና። ባለ 1300ዋ በዚያው ዙር ሰባት ስምንት ያህል ትርፍ በእጇ ይዛለች። ትርፉ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ዳገት ላይ ግን መኪናን የሚያፈጥናት ይህ ትርፍ ብቻ ነው።

ይህ ደግሞ ከምቾት አልፎ የደኅንነት ጉዳይ የሚሆንበት ቦታ አለ፤ ጭነት መኪና ሲቀደም። ቤተሰብ የጫነች ቪትዝ ከ60 ወደ 90 ኪሎ ሜትር ለመድረስ፣ በአዲስ አበባ ከፍታና ሜዳ መንገድ ላይ፣ በግምት ሲሰላ ባለ 1000ዋ አሥር አሥራ አንድ ሰከንድ፣ ባለ 1300ዋ ስምንት ሰከንድ ገደማ ይወስድባቸዋል። ሁለት ሰከንድ ተኩል ማለት ከፊት ለፊት የሚመጣው መኪና እየቀረበ ባለበት ወደ 100 ሜትር የሚሆን ክፍት መንገድ መብላት ነው። መንገዱ ትንሽ ዳገት ካለው፣ በመቶ ሜትር አምስት ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ልዩነቱ እጥፍ ወደ መሆን ይሄዳል፤ ባለ 1300ዋ አሥራ አምስት ሰከንድ ሲበቃት ባለ 1000ዋ ከዚያ ሁለት እጥፍ ገደማ ትጠይቃለች። ባለ 1000 የሚነዳ ሰው ጭነት መኪናውን በትዕግሥት መከተል አለበት። ትዕግሥቱ ያለው ሾፌር ችግር የለበትም፤ ሁሉም ሾፌር ግን ትዕግሥት የለውም።

ነዳጁስ? ክርክሩ የሚሞቀው እዚህ ነው፤ እውነቱ ግን ከወሬው ያነሰ ነው። በአውሮፓው ይፋ መለኪያ የሁለቱ ያሪሶች ልዩነት በ100 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር አይሞላም። በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ቤተሰብ ይህ ቢበዛ መቶ ምናምን ሊትር ነው፤ የዕለቱን የማደያ ዋጋ አባዝቶ ማየት ይቻላል። ያም ቢሆን መኪናዋ ባዶ ወይም አንድ ሰው ብቻ ስትይዝ ነው። ተጭና ዳገት ስትወጣ ትንሿ ሞተር ሙሉ ጉሮሮዋን ከፍታ ስለምትሠራ ልዩነቱ ይጠብባል፤ አንዳንዴም ይጠፋል። የጎማ ንፋስ ማነስም፣ አብዛኛው ሰው ከቁጥር የማያስገባው ነገር፣ የራሱን ቤንዚን ይበላል።

በከተማ ጭንቅንቅ ውስጥ ግን ለትንሿ መፍረድ ተገቢ ነው። ከሰሚት መገናኛ፣ ከመገናኛ ሜክሲኮ የሚመላለስ ሰው ከሞተሩ ጉልበት ሲሶውን እንኳ አይነካም። የቆመ መኪና ሞተሩ እስካልጠፋ ድረስ በሰዓት ግማሽ ሊትርና ከዚያም በላይ ያቃጥላል፤ ሞተሩ በተለቀ መጠን ይህ ይጨምራል። ልጆች ትምህርት ቤት አድርሶ ቢሮ ለሚገባ፣ በዓመት አንዴ ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ለሚወርድ ቤተሰብ ባለ 1000ዋ በቂ ናት። ይህን ሥራ ለመሥራት ባለ 2000 መግዛት ቤንዚንን ለቀይ መብራት መገበር ነው።

ሲሲ ብቻውን ሊያሳስት እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም። በራይድ አገልግሎት የተለመደችው ሱዙኪ ዲዛየር ከ1200 ሲሲ በታች ናት፤ ነገር ግን ክብደቷ ከ900 ኪሎ በታች ስለሆነና ከ80 በላይ የፈረስ ጉልበት ስላላት ከብዙ ባለ 1300 መኪኖች አትተናነስም። በተቃራኒው ሰባት ሰው የምትይዘው ቶዮታ አቫንዛ በባለ 1300 ሞተርም በባለ 1500ም ተሠርታለች። ሰባቱንም መቀመጫ የሚሞላ ቤተሰብ ባለ 1300ዋን ገዝቶ ከደሴ ሲመለስ ጣርማበርን ልውጣ ቢል መንገዱ ላይ ሞተሩን ብዙ ሲያስጮህ ይውላል።

ትንሽ ሆኖ ከፍታውን የሚያሸንፍ ሞተርም አለ፤ ተርቦ ያለው። ተርቦ ሳስቶ የመጣውን አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደር ስለሚያስገባ የከፍታውን ጉዳት አብዛኛውን ይሸፍናል። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ባለ 999 ሲሲ፣ ሦስት ሲሊንደር ሞተር ሲወጣ እስከ 125 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር፤ ለሦስት ተከታታይ ዓመታትም የዓመቱ ዓለም አቀፍ ሞተር ተብሏል። ይሁን እንጂ ያው ሞተር ዘይት ውስጥ በሚሽከረከር ቀበቶው የተነሳ ኋላ ላይ መኪኖች ለጥገና እንዲጠሩ ምክንያት ሆኗል። ተርቦ ጥሩ ዘይት በጊዜው ይፈልጋል፤ የዘይት ጥራትና የጋራዥ እውቀት አስተማማኝ ባልሆነበት አካባቢ ያገለገለ የተርቦ መኪና ሲገዛ ሁለት ጊዜ ማሰብ ይሻላል።

ከፍታው የኢትዮጵያ ብቻ ችግር አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የአሜሪካዋ ዴንቨር 1600 ሜትር ላይ ናት፤ እዚያ የሚነዱ ወገኖች ማደያ ላይ ከሌላው ግዛት ዝቅ ያለ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ሲሸጥ ያያሉ። መነሻውም ይኸው ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከዴንቨር 700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች።

የኤሌክትሪክ መኪና ይህን ሁሉ ሒሳብ ይዘለዋል። አየር አይስብም፤ እንጦጦ ላይም ጅቡቲ ወደብ ላይም ጉልበቱ ያው ነው፤ ቁልቁለት ሲወርድም የተወሰነ ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። እዚያ ጥያቄው ከሲሲ ወደ ባትሪ ስፋትና ወደ ቻርጅ ቦታ ይዞራል። ያ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ያገለገለ የቤንዚን መኪና ለሚገዛ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ይቀራል። ዓመታት የሠራ ሞተር ከወረቀቱ ጉልበት የራሱን ያህል አጥቷል። ባለ 1000 ሆና፣ ከተማውን በራይድ ስትዞር ኖራ፣ ብዙ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር የቆጠረች መኪና 55ቱም ላይኖራት ይችላል። ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር አስነስቶ ጭሱን ማየት፣ የራዲያተሩን ክዳን መፈተሽ ተገቢ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ ቀድሞ፣ 92 ገደማ ላይ ነው፤ ራዲያተሩ ውስጥ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ ነው። ክዳኑ ከላላ፣ ወይም በኩላንት ፋንታ የቧንቧ ውኃ ከተሞላ፣ በረጅም ዳገት ላይ መጀመሪያ የሚጎዳው ቴስታታው ነው። መኪናዋ አውቶማቲክ ከሆነች የካምቢዮ ዘይቷ መቼ እንደተቀየረ መጠየቅ አይዘንጋ። የደከመች ባለ 1300 ከጤነኛ ባለ 1000 የምትሻልበት ምክንያት የለም።

ሁለቱም ጤነኞች ከሆኑና ቤተሰቡ በዓመት ከሁለት ሦስት ጊዜ በላይ ከከተማ የሚወጣ ከሆነ ፍርዱ ለባለ 1300ዋ ነው። ሙከራውን ደግሞ ብቻዎን፣ ሜዳ መንገድ ላይ፣ ደላላው አጠገብዎ ተቀምጦ አያድርጉት። ባለቤትዎን፣ ልጆችዎን፣ ከተቻለም እናትዎን ጭነው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ይውጡ፤ ኤሲውን ይክፈቱ፤ መሐል ዳገት ላይ ቆመው እንደገና ይነሱ። ሻጩ «ቤንዚን ይፈጃል» ብሎ ካንገራገረ የዚያን ቀን ቤንዚን እርስዎ ይሙሉለት።